በዳላስ–ፎርት ወርዝ የኢንተርኔት አቅራቢዎች ፉክክር፦ ምርጫውን የሚወስነው ምንድን ነው?

በቴክሳስ ግዛት የሚገኘው የዳላስ–ፎርት ወርዝ አካባቢ በርካታ ኢትዮጵያውያን ከሚኖሩባቸው የአሜሪካ ከተሞች አንዱ ነው። በዚህ ሰፊ ገበያ ኤቲ ኤንድ ቲ፣ ስፔክትረም፣ ቬራይዘን እና ቲ-ሞባይል ደንበኛ ለመሳብ ይፎካከራሉ።

እስከ 2022 (እአአ) ድረስ ከኢትዮ ቴሌኮም ሌላ አማራጭ ካልነበረበት አገር ለመጣ ሰው ይህ ሰፊ ምርጫ ይመስላል። ይሁን እንጂ በአንድ መኖሪያ ቤት ደጃፍ የሚደርሱት ኩባንያዎች አብዛኛውን ጊዜ ጥቂት ናቸው። የትኞቹ እንደሚደርሱ የሚወስነው ደግሞ አድራሻው ነው።

የድሮው የስልክ ድንበር

ከኢንተርኔት በፊት የአካባቢው የስልክ አገልግሎት በኩባንያዎች ተከፋፍሎ ነበር። የዳላስና የፎርት ወርዝ ከተሞች በአብዛኛው የሳውዝዌስተርን ቤል፣ እንደ አርቪንግ፣ ፕሌኖ እና ኬለር ያሉት ከተሞች ደግሞ በአብዛኛው የጂቲኢ ይዞታ ነበሩ።

ሳውዝዌስተርን ቤል በሂደት የዛሬው ኤቲ ኤንድ ቲ ሆነ። ጂቲኢ በ2000 ከቤል አትላንቲክ ጋር ተዋህዶ ቬራይዘን ተመሠረተ። ሁለቱም ፋይበር ሲዘረጉ በዋናነት የተከተሉት የቀድሞ የስልክ ይዞታቸውን ነው።

ቬራይዘን ‘ፋዮስ’ የተባለውን የፋይበር አገልግሎቱን በመጀመሪያ ያስተዋወቀው በ2004 በኬለር ከተማ ነበር። በ2016 በቴክሳስ፣ በካሊፎርኒያ እና በፍሎሪዳ የነበረውን መስመር ከ10 ቢሊዮን ዶላር በላይ በሆነ ዋጋ ለፍሮንቲየር ሸጠ። በርክክቡ ወቅት በርካታ ደንበኞች አገልግሎት እንደተቋረጠባቸው አቤት ብለዋል። ፍሮንቲየር በ2020 የኪሳራ ጥበቃ ጠየቀ። ቬራይዘን ደግሞ በ2024 ኩባንያውን በ20 ቢሊዮን ዶላር ለመግዛት ተስማምቶ ግዢውን በ2026 መጀመሪያ አጠናቀቀ።

በዚህም ምክንያት ቤቱን ያልቀየረ፣ አቅራቢም ያልመረጠ ደንበኛ የኩባንያው ስም ሁለት ጊዜ ተቀይሮበታል።

ተፎካካሪዎቹ ከየት መጡ?

የመጀመሪያው ተፎካካሪ የኬብል ቴሌቪዥን መስመር ነው። የስፔክትረም ባለቤት ቻርተር በ2016 ታይም ዋርነር ኬብልን በመጠቅለል የአካባቢው ዋነኛ የኬብል አቅራቢ ሆኗል። ኬብል ለማውረድ ፈጣን ቢሆንም፣ ፋይል ለመላክና ለቪዲዮ ስብሰባ የሚያስፈልገው የመጫን ፍጥነቱ አብዛኛውን ጊዜ ከፋይበር ያንሳል።

ሁለተኛው ከሞባይል ማማ የሚመጣው የቤት ኢንተርኔት ነው። ቲ-ሞባይል ይህን አገልግሎት በ2021 በመላ አገሪቱ አስጀምሯል። ቁፋሮም ሆነ ገመድ ዝርጋታ ስለማያስፈልገው የድሮውን ድንበር ይሻገራል። ፍጥነቱ ግን ከማማው ባለው ርቀትና በተጠቃሚው ብዛት ይለዋወጣል።

ከመፈረም በፊት

ለዝቅተኛ ገቢ ቤተሰቦች በወር እስከ 30 ዶላር ይደጉም የነበረው የፌዴራል መርሃ ግብር በ2024 ገንዘቡ አልቆ ተቋርጧል። ተጠቃሚዎቹ በመላ አገሪቱ ከ23 ሚሊዮን በላይ ቤተሰቦች ነበሩ። ለእነዚህ ቤተሰቦች የዋጋ ልዩነቱ ከቀድሞው የበለጠ ይከብዳል።

የፌዴራል ኮሚዩኒኬሽን ኮሚሽን ከ2024 ጀምሮ አቅራቢዎች የአገልግሎታቸውን ዝርዝር በመግለጫ ሠንጠረዥ እንዲያሳዩ አስገድዷል። በሠንጠረዡ ላይ በተለይ ሦስት ነገሮችን ማየት ይጠቅማል፦ ዋጋው የመግቢያ ቅናሽ ከሆነ መቼ እንደሚያበቃ፣ ተጨማሪ ወርኃዊ ክፍያዎች፣ እንዲሁም ውል ቀድሞ ማቋረጥ የሚያስከትለው ቅጣት።

የኮሚሽኑ የብሮድባንድ ካርታ ደግሞ አድራሻ ሲገባበት እዚያ ቤት እንደርሳለን ያሉትን አቅራቢዎች ይዘረዝራል። አፓርታማ ለሚከራይ ሰው ይህን ማየት የሚጠቅመው የኪራይ ውሉን ከመፈረሙ በፊት ነው። በአንዳንድ ሕንጻዎች የኢንተርኔት ክፍያ ከኪራዩ ጋር ስለሚደመር፣ ተከራዩ ሌላ አቅራቢ ቢመርጥም ከዚያ ክፍያ ላይድን ይችላል።