ከስክሪን እስከ ግድግዳ፤ የትልልቅ ዲጂታል ፎቶግራፎች የኅትመትና የሽያጭ ታሪክ

በኒውዮርክ ከተማ፣ በግራንድ ሴንትራል የባቡር ጣቢያ አዳራሽ ውስጥ፣ የኮዳክ ኩባንያ ከ1950 ጀምሮ ለአርባ ዓመታት ያህል «ኮሎራማ» የተባለ ግዙፍ ባለቀለም ፎቶግራፍ ይሰቅል ነበር። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የምስሉ ቁመት 5.5 ሜትር፣ ርዝመቱ 18 ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ከበስተኋላው በመብራት እየደመቀ ለመንገደኛው ይታይ ነበር። ይህን የሚያህል ምስል በአንድ ወጥ ሉህ ማውጣት ስላልተቻለ በጠባብ ቁራጮች እየታተመ ይገጣጠም ነበር። ከአዳራሹ ወለል ቆሞ ሽቅብ የሚመለከተው ሰው ግን ጥቃቅኑን ጉድለት አያስተውለውም። ምክንያቱም ጤናማ ዓይን ለይቶ ሊያየው የሚችለው ትንሹ ማዕዘን የአንድ ዲግሪ ስድሳኛ እጅ ያህል ነው። ይህም በ30 ሳንቲሜትር ርቀት ከአንድ ሚሊሜትር ዐሥረኛ እጅ ጥቂት ያነሰ፣ በ10 ሜትር ርቀት ደግሞ ወደ 3 ሚሊሜትር የሚጠጋ ስፋት ነው። የትልቅ ኅትመት ሒሳብ በሙሉ በዚህ ላይ ይቆማል።

ፎቶግራፍ ወደ ቁጥር ከተለወጠ በኋላ ይኸው ሒሳብ ይበልጥ ግልጽ ሆነ። በ1957 የአሜሪካ ብሔራዊ የመለኪያ ደረጃዎች ቢሮ ባልደረባ የነበረው ራስል ከርሽ የሕፃን ልጁን ፎቶግራፍ ወደ ኮምፒዩተር ሲያስገባ፣ ምስሉ በ176 በ176 ነጥቦች ብቻ የተሠራ ነበር። በ1975 የኮዳክ መሐንዲስ ስቲቨን ሳሰን የሠራው ዲጂታል ካሜራ ደግሞ 100 በ100 ነጥብ ያለውን ምስል በካሴት ክር ላይ ለመቅዳት 23 ሴኮንድ ይወስድበት ነበር። የሁለቱም ጥረት ምስሉን ለማግኘት ነበር እንጂ ግድግዳ ላይ ለመስቀል አልነበረም።

ወደ ግድግዳ ያደረሰው መሣሪያ የተገኘው ከኅትመት ኢንዱስትሪ ነው። አይሪስ ግራፊክስ የተባለው የማሳቹሴትስ ኩባንያ በ1980ዎቹ ለገበያ ያቀረበው ማሽን፣ ማተሚያ ቤቶች መጽሔት ወይም ማስታወቂያ በብዛት ከማተማቸው በፊት ለደንበኛ የሚያሳዩትን የማረሚያ ቅጂ እንዲያወጣ የታሰበ ነበር። ወረቀቱ በሚሽከረከር ሲሊንደር ላይ ይጠመጠማል፤ እያንዳንዱ አፈሙዝ በሴኮንድ አንድ ሚሊዮን ያህል የቀለም ጠብታ ይረጫል፤ የማይፈለጉት ጠብታዎችም በኤሌክትሪክ ኃይል ወደ ጎን ተገፍተው ይወገዳሉ። የማረሚያ ቅጂ ታይቶ የሚጣል ነገር ስለሆነ ቀለሙ ስንት ዓመት ይቆያል የሚለው ጥያቄ ለማሽኑ ነዳፊዎች ጉዳያቸው አልነበረም።

ይህን ማሽን ከታሰበለት ሥራ ያወጣው ክሮስቢ፣ ስቲልስ ኤንድ ናሽ በተባለው ቡድን የታወቀው ሙዚቀኛ ግራሃም ናሽ ነው። ናሽ ፎቶግራፍ አንሺም ስለነበረ፣ አይሪስ 3047 የተባለውን ሞዴል በ126,000 ዶላር ገዛ። ከባልደረባው ከማክ ሆልበርት ጋርም በ1991 በካሊፎርንያ፣ በማንሃተን ቢች፣ ናሽ ኤዲሽንስ የተባለውን የኅትመት ቤት ከፈተ። ማሽኑ ለስስ ወረቀት የተሠራ በመሆኑ ወፍራሙን የሥዕል ወረቀት አልቀበል ስላለ፣ የማተሚያውን ራስ ወደ ኋላ ለመሳብ እንዲቻል ከፊሉን በመጋዝ ቆረጡት። ይህን ያህል ዋጋ የወጣበትን አዲስ ዕቃ በመጋዝ መቁረጥ ድፍረት የሚጠይቅ ነው፤ የአምራቹ ዋስትናም ምን እንደሚሆን መገመት አያዳግትም። ያው ማሽን በ2005 ለስሚዝሶኒያን ተቋም የአሜሪካ ታሪክ ሙዚየም በስጦታ ተሰጠ።

በዚያው በ1991 ጃክ ዱጋን የተባለው የኅትመት ባለሙያ ከፈረንሳይኛው «መርጨት» ከሚለው ግሥ «ዢክሌ» የሚል ስም አወጣለት። ስሙ በሥዕል ነጋዴዎች ዘንድ ፈጥኖ ሲሰራጭ የኅትመቱ ዕድሜ ግን ከስሙ ጋር አልተራመደም። የመጀመሪያዎቹ ቀለሞች በውኃ የሚሟሙ ስለነበሩ፣ እያንዳንዱ የቀለም ሞለኪውል ለብርሃንና ለኦዞን ጋዝ የተጋለጠ ነበር። እንደ ሥነ ጥበብ ሥራ ተፈርሞበት የተሸጠ ምስል፣ ብርሃን ባለበት ክፍል ሲሰቀል በጥቂት ዓመታት ውስጥ መደብዘዝ ጀመረ። የቀለም ፎቶግራፎችን ዕድሜ በመለካት የታወቀውና በ1993 ስለዚሁ ጉዳይ ሰፊ መጽሐፍ ያሳተመው ሄንሪ ዊልሄልም፣ አምራቾችና ገዢዎች በቁጥር እንዲነጋገሩ ካደረጉት ሰዎች አንዱ ነው። በ2000 ኤፕሰን ኩባንያ በደቃቅ የቀለም ዱቄት የሚሠሩ የፎቶግራፍ ማተሚያዎችን ለገበያ አቀረበ። የዱቄት ቅንጣት የብዙ ሞለኪውሎች ክምር ስለሆነ፣ የውጪዎቹ ቢጎዱም የውስጦቹ ተከልለው ይቆያሉ።

የዕድሜው ችግር እንዲህ ሲቃለል የቀለም ስምምነት ችግር ቀረ። ስክሪን ብርሃን ያመነጫል፤ ወረቀት የተቀበለውን ብቻ ይመልሳል። በ1993 የተቋቋመው ዓለም አቀፍ የቀለም ኮንሶርቲየም እያንዳንዱ መሣሪያ የቀለም ባሕርዩን የሚገልጽ ፕሮፋይል እንዲኖረው መንገድ ከፈተ። በ1996 ሂውሌት ፓካርድና ማይክሮሶፍት ኤስ አር ጂ ቢ የተባለውን የጋራ የቀለም ክልል አቀረቡ፤ በ1998 ደግሞ ሰፋ ያለው አዶቤ አር ጂ ቢ ተከተለ። ፕሮፋይሉ ሁሉንም አይፈታም። ፎቶግራፍ አንሺው ስክሪኑን ከልክ በላይ አድምቆ ከሠራ ምስሉን ሳያውቀው ያጨልመዋል፤ ከገዢው ቤት የሚደርሰውም የጠቆረ ኅትመት ነው። በዚህ ሥራ ላይ ከሚሰሙት ቅሬታዎች ይህን ያህል የተለመደ ያለ አይመስልም።

ቅሬታው ክብደት ያገኘው ሽያጩ ወደ ኢንተርኔት ሲዛወር ነው። በ2006 እንደተመሠረተው ፋይን አርት አሜሪካ ባሉ ድርጅቶች አማካይነት፣ ፎቶግራፍ አንሺው ፋይሉን ብቻ ይልካል፤ ድርጅቱ ትእዛዝ ሲመጣ አትሞ ለገዢው ያደርሳል። ቀድሞ ናሽ እያንዳንዱን ኅትመት በእጁ ይዞ ለማየት ይችል ነበር። አሁን ግን ሻጩ በስሙ የተሸጠውን ሥራ ጨርሶ ላያየው ይችላል፤ ገዢውም ያየው በገዛ ስልኩ ላይ የመዳፍ ግማሽ የሚያህለውን ምስል ብቻ ነው። በሁለቱ መካከል የሚመሰክረው ፋይሉ ብቻ ነው።

ስለዚህ ሒሳቡ አስቀድሞ መሠራት አለበት። 6000 በ4000 ፒክስል ያለው ፋይል በአንድ ኢንች 300 ነጥብ ቢታተም 51 በ34 ሳንቲሜትር ገደማ ይሆናል፤ በ150 ነጥብ ሲታተም 102 በ68 ሳንቲሜትር ይደርሳል። የኋለኛው ከአንድ ሜትር ርቀት ለሚመለከተው ሰው ከበቂ በላይ ነው፤ በዚያ ርቀት ዓይን የሚለየው በአንድ ኢንች 90 ነጥብ ያህል ነውና። ሆኖም ገዢዎች ቀርበው ማየት ይወዳሉ። ከዚህም የተነሣ ፋይልን በኮምፒዩተር የማስፋት ዘዴ ተፈላጊ ሆነ። በ2021 አዶቤ ያወጣው ዘዴ የምስሉን ፒክስል በአራት እጥፍ ያበዛል። እንዲህ ያሉት ዘዴዎች ከብዙ ምስሎች በተማሩት መሠረት የጎደለውን ይገምታሉ፤ ካሜራው ያላየውን ቅጠል ወይም የፊት ቆዳ ይፈጥራሉ ማለት ነው። ለድንጋይና ለሣር ይህ ብዙ አያስከፋም። የሰው ፊት ሲሆን ግን ግምቱ ሌላ ሰው ሊያወጣ ስለሚችል፣ መጠኑን መቀነስ ይሻላል።

ጠንቃቃ ሻጮች ሌላም ርካሽ ዘዴ አላቸው። ከትልቁ ምስል ውስጥ ፊት ወይም ጥልቅ ጥላ ያለበትን ቦታ ቆርጠው፣ በመጨረሻው መጠኑ ሊታይ በሚችልበት ልክ፣ በ20 በ25 ሳንቲሜትር ወረቀት ያሳትሙታል። ቁራጩን ቀን በመስኮት ብርሃን፣ ማታ በቤት አምፖል ሥር ያዩታል፤ ጥላው ከተደፈነ ፋይሉን ጥቂት አፍክተው እንደገና ያሳትማሉ። እስከ ስንት ሳንቲሜትር ድረስ እንዲሸጥ እንደሚፈቅዱ የሚወስኑትም ከዚያ በኋላ ነው።