ስለ ኦራሪያ የወርቅ ከተማ አነሣሥና አወዳደቅ

የወርቅ ከተማ የሚወድቀው ወርቁ ሲያልቅ ነው ይባላል። ከመካከላችንም እንዲህ የሚሉ ጓዶች አሉ። እኛ በዚህ አንስማማም። ለዚህም ከአትላንታ በስተሰሜን 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘውን ኦራሪያን ምስክር እናቀርባለን (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው)።

አገሩ የቼሮኪ ሕዝብ ርስት ነበር። ይህ ሕዝብ የራሱ ፊደል፣ በ1827 የጸደቀ ሕገ መንግሥት፣ ከ1828 ጀምሮም በቋንቋውና በእንግሊዝኛ የሚታተም ጋዜጣ ነበረው። በፊደላችን ለምንኮራ ለእኛ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሆኖም ፊደሉም ሕገ መንግሥቱም መሬቱን አላስጠበቁለትም። በ1829 የወርቁ ወሬ በጋዜጣ ሲወጣ በሺህ የሚቆጠር ነጭ ጎረፈ። የጆርጂያ መንግሥት ቼሮኪዎች በገዛ መሬታቸው ወርቅ እንዳይቆፍሩ በሕግ ከለከለ፤ በ1832 ደግሞ መሬቱን በ40 ኤከር፣ ማለትም ከግማሽ ጋሻ ባነሰ ቁራጭ እየሸነሸነ ለነጮች በዕጣ አከፋፈለ። ባለርስቱ ቤቱ ውስጥ ተቀምጦ ሳለ ቤቱ ለሌላ ሰው ወጣ። በዚያው ዓመት የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የጆርጂያ ሕግ በቼሮኪ ምድር ላይ ሥልጣን የለውም ብሎ ፈርዶ ነበር፤ ፍርዱን ያስፈጸመ ግን አልተገኘም።

ኦራሪያ የተቆረቆረችው ያኔ ነው። በ1833 አንድ ሺህ ያህል ነዋሪ፣ 100 ያህል መኖሪያ ቤት፣ እስከ 20 የሚደርስ ሱቅ ነበራት። የገረመን ግን የጠበቆቹ ቢሮ ነው፤ ከ12 እስከ 15 ይደርስ ነበር። መቶ ቤት ላላት ከተማ! በጉድጓዱ ውስጥ ከሚለፉት መካከል ባሪያዎች ነበሩ፤ የባርነት ጠበቃ የነበረው ጆን ካልሁን ራሱ እዚያ የወርቅ ጉድጓድ ገዝቶ በባሪያዎች ያስቆፍር ነበር።

ታዲያ ምን ጣላት? ከተማዋ ያረፈችበት ቁራጭ መሬት በዕጣው ለማን እንደወጣ ክርክር ተነሣበት። በዚህም ምክንያት የአውራጃው መቀመጫ በ1833 ወደ ዳሎኔጋ ሄደ። ዳኛው ሲሄድ ጠበቃው ተከተለ፤ ጠበቃው ሲሄድ ነጋዴው ተከተለ። ወርቁ ግን ነበረ። እንዲያውም ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በ1838፣ የፌዴራሉ መንግሥት የወርቅ ገንዘብ መቅረጫ በዚያችው በዳሎኔጋ ሥራ ጀመረ። በዚሁ ዓመት ወታደሮች ቼሮኪዎችን ከየቤታቸው እያወጡ ወደ ምዕራብ ነዷቸው፤ ከ16,000 ገደማ ሰው 4,000 ያህሉ እንዳለቀ ይገመታል። «ዳሎኔጋ» የሚለው ስም የመጣው ቢጫ ከሚለው የቼሮኪ ቃል ነው። ስሙን አስቀርተው ባለቤቱን አባረሩ።

በ1849 ቆፋሪው ወደ ካሊፎርኒያ ነጎደ። በ1858 ከዚህ የሄዱ ሰዎች በምዕራብ ሌላ ኦራሪያ ቆረቆሩ፤ እርሷም ዛሬ የዴንቨር አካል ናት። መቅረጫው በ1861 ተዘጋ። ዛሬ የጆርጂያዋ ኦራሪያ በመንገድ ዳር የቀረች ባዶ መንደር ናት። በአትላንታ የምናየው የምክር ቤቱ ጉልላት ግን በ1958 ከዳሎኔጋ በጋሪ ተጭኖ በመጣ ወርቅ ተለብጧል።

አዶላን እናስታውስ። ጆርጂያና አዶላ አንድ ናቸው አንልም፤ የጉጂ ሕዝብ ዛሬም በምድሩ ላይ አለ። የለገደንቢ ማዕድን ግን በ1990ዎቹ መጨረሻ ከመንግሥት እጅ ለሚድሮክ ሲሸጥ ውሉ የተፈረመው አዲስ አበባ እንጂ ሻኪሶ አልነበረም። በ2018 የአካባቢው ሕዝብ ውኃችን ተበከለ፣ ልጆቻችን ጉዳተኛ ሆነው ተወለዱ ብሎ አደባባይ ወጣ፤ ፈቃዱም ታገደ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ቁፋሮው እንደገና ተጀመረ።