ቤቱ በመኪና ይመጣል፤ መሬቱስ?

የዛሬው ወጋችን ስለ ተገጣጣሚ ቤት ነው። ዓመቶቹን የምንቆጥረው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

በነታንያ በሳፒር ኢንዱስትሪ ቀጠና ሥራ የጀመራችሁ ትኖራላችሁ። ስሙ ፒንሐስ ሳፒርን ያስታውሰናል። ይህ ሰው ከ1955 ጀምሮ የንግድና ኢንዱስትሪ ሚኒስትር፣ በኋላም የገንዘብ ሚኒስትር ሆኖ፣ አዲስ ገቢዎች በሰፈሩባቸው ከተሞች ፋብሪካ እንዲተከል ብዙ የደከመ ነው። ምክንያት ነበረው። ከ1950 ጀምሮ አዲስ ገቢዎች መአባራ በሚባል የድንኳን፣ የቆርቆሮና የእንጨት ጎጆ ሰፈር ይኖሩ ነበር፤ በ1951 መጨረሻ ቁጥራቸው ከ200,000 በላይ ነበር። ጎጆው ፈጥኖ ቆመ፤ እንጀራው ግን ፈጥኖ አልመጣም።

የእኛም ታሪክ ከዚህ አልራቀም። ሜይ 24 እና 25 ቀን 1991 በሰለሞን ዘመቻ ከ14,000 በላይ ወገኖቻችን ገቡ። መጀመሪያ ሆቴልና የቅሊታ ማዕከል ተቀበላቸው፤ ቀጥሎ ብዙዎች ወደ ካራቫን ሄዱ፦ ሑልዳ፣ በአኮ አጠገብ ሐጽሮት ያሳፍ፣ በኢየሩሳሌም ጊቭዓት ሃማቶስ። መንግሥት በ1990 ባወጣው ጊዜያዊ የፕላንና ግንባታ ሕግ የፈቃዱን መንገድ አሳጥሮ ነበር። ከሥራና ከትምህርት ቤት ያለውን ርቀት ግን ሕግ አላሳጠረውም፤ ካራቫኑ የቆመው ባዶ መሬት በተገኘበት ነበርና። ለጥቂት ጊዜ የተባለው ለብዙዎች ዓመታት ሆነ። በ1993 አብዛኛው ስጦታ የሆነ ልዩ ማሽካንታ ሲፈቀድ ነው ብዙው ቤተሰብ ቋሚ ቤት መግዛት የቻለው።

አረጋውያኖቻችን ነገሩን ያውቁታል። በጎንደር ጎጆውን በደቦ ሠርተን፣ ሣሩን ከድነን፣ ርስቱ ግን የሌላ ነበር። እስከ 1975ቱ የመሬት አዋጅ ድረስ አብዛኛው ቤተ እስራኤል ጭሰኛ ነበር። ቤት ያለ መሬት ምን እንደሆነ ከእኛ የበለጠ ማን ያውቃል?

እንግዲህ ዛሬ አንዱ ሻጭ «ቤቱ በጥቂት ቀን ይቆማል» ቢላችሁ፣ ስለ ሣጥኑ እውነቱን ሊሆን ይችላል። በ1965 የወጣው የፕላንና ግንባታ ሕግ ግን ተገጣጣሚ ነው ብሎ ቤትን ከፈቃድ ነጻ አያደርግም። ዘመዳችሁ ሞሻቭ ውስጥ «ከቤቴ ጎን አቁሙት» ቢላችሁም፣ እዚያ ቦታ ስንት ቤት እንደሚፈቀድ የሚወስነው ፕላኑ ነው። የአገሩ መሬት አብዛኛው የሕዝብ ስለሆነ የእስራኤል መሬት ባለሥልጣንም ስምምነት ያስፈልጋል።

ወጪውንም ከሣጥኑ ዋጋ አትጀምሩ። መሠረቱ፣ የውሃና የፍሳሽ ቧንቧው፣ ኤሌክትሪኩ፣ የመሐንዲሱ ክፍያ፣ የልማት ግብር አለ። አዲስ ፕላን የመሬቱን ዋጋ ከፍ ካደረገው ደግሞ ከጭማሪው ግማሽ ይከፈላል፤ ብዙ ሰው ይህን የሚሰማው ዘግይቶ ነው። በ1991ዱ ጦርነት ሚሳኤል ከወደቀ በኋላ፣ ከ1992 ጀምሮ አዲስ ቤት ማማድ የሚባለውን ጠንካራ የመከላከያ ክፍል እንዲይዝ ተደንግጓል፤ ስስ ግድግዳ ይህን አይተካም። ሁሉ አልቆ ቶፌስ 4 የሚባለው ወረቀት ካልተሰጠ ኤሌክትሪክና ውሃ በደንቡ አይገባም።

ስለዚህ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት፣ ዕብራይስጥ የሚያነብላችሁ ልጅ ወይም ጎረቤት ይዛችሁ ወደ አካባቢው የፕላንና ግንባታ ኮሚቴ ሂዱ። በዚያ ቦታ ላይ ምን እንደተፈቀደ በጽሑፍ እንዲሰጧችሁ ጠይቁ።