ከኋላ የሚመጣው ድምፅ

ፊልም መናገር ከጀመረ ገና ጥቂት ዓመቱ ነበር። አለን ብሉምላይን የሚባል እንግሊዛዊ መሐንዲስ በኋላ ካገባት ሴት ጋር ሲኒማ ገብቶ አንድ ነገር ከነከነው። ተዋናዩ ከስክሪኑ ግራ ወደ ቀኝ ይሄዳል፤ ድምፁ ግን ከቦታው አይነቃነቅም። ስፒከሩ አንድ ነዋ! ድምፁ ሰውየውን ተከትሎ እንዲሄድ ማድረግ እችላለሁ ብሎ ነገራት ይባላል። ቀልዱን አልነበረም። በታኅሣሥ 1931 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) ያስገባው የፈጠራ ማመልከቻ ዛሬ ስቴሪዮ የምንለው ነገር መሠረት ሆነ። እሱ ራሱ ግን በ1942፣ ገና በ38 ዓመቱ፣ ራዳር ሲሞከርበት በነበረ አውሮፕላን ላይ ሞተ። ስቴሪዮ ሸክላ ለገበያ ሲወጣ አላየም።

እኔ ወደዚህ ታሪክ የገባሁት በድህነት ነው ማለት እችላለሁ። ሆም ቴአትር አማረኝ፤ የያዝኩት ብር ግን ትንሽ ነው። መርካቶ ብትዞሩ ካርቶኑ ላይ «5.1» የተጻፈበት ዕቃ ሞልቷል፦ አምስት ትንንሽ ስፒከርና አንድ ትልቅ የቤዝ ሳጥን። ሻጭ የሚያወራችሁ ስለ ዋት ነው። እኔ ማወቅ የፈለግኩት ግን ሌላ ነው። ከስድስቱ ሳጥን ገንዘቤን የቱ ላይ ላፍስሰው? የቱን ብተወው ብዙም አይጎድልብኝም? ለዚህ ጥያቄ ከሻጮቹ ይልቅ የድሮዎቹ መሐንዲሶች የተሻለ መልስ ነበራቸው፤ እነሱም ብር አጥሯቸው ያውቃልና።

ሚያዝያ 1933 አሜሪካ ውስጥ የቤል ላቦራቶሪ ሰዎች አንድ ጉድ አሳዩ። ኦርኬስትራው ፊላደልፊያ ላይ ይጫወታል፤ ታዳሚው ዋሽንግተን አዳራሽ ውስጥ ተቀምጦ በስልክ መስመር የመጣውን ሙዚቃ ይሰማል። የኦርኬስትራው መሪ ሊዮፖልድ ስቶኮቭስኪ ደግሞ ዱላውን ለሌላ ሰው ትቶ ዋሽንግተን ላይ ድምፁን ይቆጣጠር ነበር። መድረኩ ላይ የተሰቀሉት ማይክሮፎኖች ሦስት፣ እዚያ ማዶ ያሉት ስፒከሮችም ሦስት ነበሩ፦ ግራ፣ መሐል፣ ቀኝ።

ለምን ሁለት አልበቃም? ሁለት ስፒከር በትክክል መሐል ለተቀመጠ ሰው ግሩም ነው። ሶፋው ጥግ ላይ ለተቀመጠው ግን ድምፁ ሁሉ ወደሚቀርበው ስፒከር ይሸሻል። መሐል አንድ ሲጨመር ድምፁ ይረጋል። በፊልም ደግሞ ንግግሩ በአብዛኛው የሚወጣው ከዚችው ከመሐሏ ነው።

ቤታችን ውስጥ ጉዳዩ ቀልድ አይደለም። አባቴ ጆሮው ደክሟል። ቴሌቪዥኑን እስከ ጥግ ይከፍተውና «ይጮሃል እንጂ ቃሉ አይሰማም» ይላል። ተኩሱ ጎረቤት ይቀሰቅሳል፤ ንግግሩ ግን ሹክሹክታ ነው። ጥሩ የመሐል ስፒከር ካለ ንግግሩን ብቻ ለይቶ ከፍ ማድረግ ይቻላል። ካርቶን ውስጥ ያለው የመሐል ስፒከር ግን ብዙውን ጊዜ ከሌሎቹ ጋር እኩል ኩርማን ነው። ከፊልሙ ግማሽ በላይ የሚሸከመውን ያን ያህል ማሳነስ ምን የሚሉት ቁጠባ እንደሆነ አይገባኝም።

ስቶኮቭስኪን እንደገና የምናገኘው ዲስኒ ጋ ነው። በ1940 ኒው ዮርክ ላይ የተከፈተው «ፋንታዚያ» ተመልካቹን በድምፅ የሚከብብ፣ ፋንታሳውንድ የተባለ ሥርዓት ነበረው። አንድ ሲኒማ ቤት ውስጥ ለመትከል 85,000 ዶላር ገደማ ይጠይቅ ነበር። በዚያ ዘመን ብር! ጦርነቱም መጣ፤ ሥርዓቱ ከጥቂት ከተሞች አላለፈም፤ አብዛኛው ሰው ፊልሙን ያየው በተራ ድምፅ ነው። በ1953 «ዘ ሮብ» በሲኒማስኮፕ ሲወጣ አራት የድምፅ መስመር ይዞ ነበር። እንዴት እንዳከፋፈሉት ልብ በሉ፦ ሦስቱን ከፊት፣ አንዱን ብቻ ከኋላ።

በ1970ዎቹ መጀመሪያ ይህን ረስተው «አራት እኩል ስፒከር በአራት ማዕዘን» የሚል ፋሽን መጣ፤ ኳድራፎኒክ ይሉታል። ኩባንያዎቹ ሊስማሙ አልቻሉም። የአንዱ ሸክላ በሌላው መሣሪያ በትክክል አይሠራም፤ ገዢውም ግራ ገባውና ተወው። አሥር ዓመት ሳይሞላ ሞተ።

እኔን ያስደነቀኝ ግን በዚያው ሰሞን ዴቪድ ሃፍለር የተባለ አሜሪካዊ ያመጣው የድሃ ዘዴ ነው። አዲስ ሸክላ የለ፣ አዲስ አምፕ የለ። የኋላውን ስፒከር አንድ ገመድ ከአምፑ የግራ ፖዘቲቭ፣ ሌላውን ከቀኝ ፖዘቲቭ ጋር አገናኘው። በቃ። ስፒከሩ የሚሰማው የሁለቱን ልዩነት ብቻ ነው። ዘፋኙ በሁለቱም እኩል ስለተቀዳ ይጣፋል፤ የሚተርፈው የአዳራሹ ማስተጋባት፣ ጭብጨባው፣ ከጎን የሚመጣው ነገር ነው። በጥቂት ሜትር ገመድ ሳሎን አዳራሽ ሆነ! (አምፕ ሁሉ ለእንዲህ ያለ ግንኙነት አልተሠራም፤ የሚያውቅ ሰው ሳትጠይቁ እንዳትሞክሩት።)

ሬይ ዶልቢ ኩባንያ በ1975 ለሲኒማ ያወጣው ዶልቢ ስቴሪዮም የዚህ ዘመድ ነው። አራት ቻናል ሁለት መስመር ላይ አጥፎ ያስቀምጣል፤ የኋላው የሚወጣው ከሁለቱ ልዩነት ነው። በ1977 «ስታር ዋርስ» ይህን ለዓለም አሰማ። የሚያስቀው ደግሞ ፊልሙ ወደ ስቴሪዮ ቪዲዮ ካሴት ሲገለበጥ የታጠፈው ድምፅ አብሮ መግባቱ ነው። ሰው ሳያውቀው ሳራውንድ ቤቱ ይዞ ገባ፤ መፍቻው መሣሪያ ብቻ ነበር የጎደለው። እሱም ከ1982 ጀምሮ መሸጥ ጀመረ። የዚያ ሥርዓት የኋላ ቻናል ቀጫጭኑን ድምፅ ከ7,000 ኸርዝ በላይ ቆርጦ ይጥለው ነበር። ማለትም «ስታር ዋርስ» ያስደነገጠን ከኋላ ጥራቱ በተቀነሰ ድምፅ ነው!

በ1992 «ባትማን ሪተርንስ» በዶልቢ ዲጂታል ወጣ፤ አምስቱም ቻናል ሙሉና የየራሳቸው ሆኑ፤ ከዚያ ዲቪዲ ወደየቤቱ አመጣው። «ነጥብ አንድ» የምትባለው ቤዙ ብቻ ናት፤ የምትይዘው የድምፁን ትንሽ ክፍል ስለሆነ አንድ ሙሉ ተብላ አልተቆጠረችም። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ደግሞ ይህቺው ትንሽ ክፍል ናት ግድግዳ አልፋ ከጎረቤት የምታጣላው። ስለዚህ ትልቁ ሳጥን እኔን አላማለለኝም።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። አምስት ቻናል እንዲወጣ አምስት ቻናል መግባት አለበት። ዩቲዩብ ላይ የምናያቸው የአማርኛ ፊልሞች በአብዛኛው ሁለት ቻናል ናቸው። ስለዚህ ዕቃ ስታዩ ከፊት ያለውን መብራት ትታችሁ ጀርባውን አዙሩት። ኤችዲኤምአይ ወይም ኦፕቲካል መግቢያ ከሌለው፣ ቀይና ነጭ ቀዳዳ ብቻ ከሆነ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከኋላ የምትሰሙት የፊቱን ግልባጭ ነው። ለዚያ ደግሞ ሃፍለር ገመድ ብቻ ነው ያስከፈለው።

እኔ በመጨረሻ ካርቶኑን ተውኩት። አምስት ቻናል የሚያወጣ ያገለገለ ሪሲቨር (የዲሹን ማለቴ አይደለም፣ አምፕ ያለውን ነው) እና ሁለት መካከለኛ የእንጨት ሳጥን ስፒከሮች፣ እነሱም ያገለገሉ፣ ገዛሁ። ከመግዛቴ በፊት በለስላሳ ድምፅ የሚያወራ ሰው ያለበት ቪዲዮ በስልኬ ከፍቼ አሰማኋቸው፤ በጭፈራ ሙዚቃ የተፈተነ ስፒከር ሁሉ ጥሩ ይመስላል። ከቀረኝ ብር አብዛኛው ለመሐሏ ሄደ። ከቴሌቪዥኑ ሥር፣ ወደ አባቴ ወንበር ትንሽ ቀና አድርጌ አስቀምጫታለሁ። ለኋላ ከአሮጌ ቴፕ የተነቀሉ ሁለት ትንንሽ ስፒከሮች አሉኝ፤ ከጆሮ ትንሽ ከፍ ብለው በጎንና በጎን ይሰቀላሉ። ለጊዜው አልጋ ሥር ናቸው። ገመዱ የበሩን ደፍ እንዴት እንደሚሻገር ገና አልወሰንኩም።