ከቡፌው ላይ የቆመው ጠርሙስ

አባቴ የወይን ጠጅ ወዳጅ አልነበረም። በዓል ሲሆን ጠጅ፣ እንግዳ ሲመጣ አንድ ሁለት መለኪያ አረቄ ይበቃው ነበር። ሆኖም በሳሎናችን ቡፌ ላይ፣ ከሠርጋቸው ፎቶግራፍ አጠገብ፣ አንድ የቀይ ወይን ጠጅ ጠርሙስ ዕድሜዬን ሙሉ ቆሞ ኖሯል። እኔ በተወለድሁ ሰሞን፣ አብሮት ይሠራ የነበረ አንድ የውጭ አገር ሰው «ልጅህ ለወግ ለማዕረግ ሲበቃ ክፈተው» ብሎ የሰጠው ነው። እናቴ በየቅዳሜው አቧራውን ትወለውለዋለች። ከቀትር በኋላ በመስኮት የምትገባው ፀሐይ ጠርሙሱን አልፋ ግድግዳው ላይ ቀላ ያለ ጥላ ትጥላለች። ያን ጥላ እያየሁ አደግሁ።

ከዩኒቨርሲቲ በተመረቅሁ ዕለት አባቴ ጠርሙሱን አወረደው። ቡሹ እንደ ደረቀ ዳቦ ተፈረፈረ። ወደ ብርጭቆው የወረደው መጠጥ ቡናማ ነበር፤ ሽታው ገና ሳይቀመስ አፍንጫ ይሰነፍጣል። አባቴ ተጎነጨ፤ ዋጠ፤ ጥቂት ዝም አለና «ደኅና ነው» ብሎ ብርጭቆውን እስከ ታች ጨረሰው። እኛ ግን አልቻልንም። እናቴ የቀረውን ወደ ማድ ቤት ወስዳ ለሰላጣ አደረገችው።

ይህን ሁሉ ያስታወሰኝ ባለፈው ዓመት የደረሰኝ ስጦታ ነው። ሴት ልጅ ተወለደችልኝና ሊዝበን የሚኖር ወዳጄ አንድ ጠርሙስ ፖርት ላከልኝ፤ «ሃያ ዓመት አስቀምጥላት» የሚል ማስታወሻ አብሮት ነበር። እነሆ አባቴ በቆመበት ቦታ ቆምሁ። የት ላስቀምጠው? ጥያቄው ትንሽ ይመስላል፤ ዳሩ ግን የሰው ልጅ ስምንት ሺህ ዓመት ያህል የተጨነቀበት ጥያቄ መሆኑን ያወቅሁት መጻሕፍት ማገላበጥ ከጀመርሁ በኋላ ነው።

በጆርጂያ ምድር ከክርስቶስ ልደት በፊት 6000 ዓመት ገደማ በተሠሩ የሸክላ ስብርባሪዎች ላይ የወይን ጠጅ ቅሪት ተገኝቷል። ጆርጂያውያን ዛሬም ወይናቸውን ክቬቭሪ በሚሉት ትልቅ ጋን ጠምቀው፣ ጋኑን እስከ አንገቱ መሬት ውስጥ ቀብረው ያቆዩታል። ምድር ቀንም ሌትም፣ በጋም ክረምትም ጠባይዋን ብዙ አትለውጥምና! ግብጻውያን ደግሞ ጋኑ ላይ ይጽፉበት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1922 በተከፈተው የቱታንክሃሙን መቃብር ውስጥ ሃያ ስድስት የወይን ጠጅ ጋኖች ተገኝተዋል፤ በአብዛኞቹ ላይ ወይኑ የተጠመቀበት የንግሥና ዓመት፣ የእርሻው ስምና የጠማቂው አለቃ ስም በቀለም ተጽፏል። የንጉሡን ስንቅ የጠመቀ ሰው ስሙ ከነሥራው ሦስት ሺህ ዓመት ተሻግሮ ደረሰን።

የሥነ ጽሑፍ ወዳጅ ግን ከሁሉ ይልቅ ሮማውያን ዘንድ ቆም ማለቱ አይቀርም። ባለቅኔው ሆራስ፣ በተወለደበት ዓመት (ከክርስቶስ ልደት በፊት 65 መሆኑ ነው) ለተጠመቀ የወይን ጋን ቅኔ ተቀኝቷል፤ ጋኑን እንደ ዕድሜ እኩያው አድርጎ ነው የሚያናግረው። ለእኔ ከቡፌው ላይ የቆመው ጠርሙስ ማለት ይኸው አይደለምን? ልዩነቱ የሆራስ ጋን ሳይበላሽ መቆየቱ ነው። ሮማውያን የሸክላውን ውስጥ በዝፍት ለቅልቀው፣ አፉን በቡሽ ወይም በሸክላ ክዳን ደፍነው፣ የምድጃ ጢስ በሚደርስበት ቆጥ ላይ ይሰቅሉት ነበር። ጢሱ ቶሎ ያበስለዋል ብለው ነው። ነገሩ ሲበዛ ግን ወይኑ ጢስ ጢስ ይል ስለ ነበር ማርሻል የተባለው ቀልደኛ ገጣሚ በማርሴይ ወይን ላይ ተሳልቋል። ፕሊኒ ደግሞ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ121 ዓመት የተጠመቀው ዝነኛ ወይን ሁለት መቶ ዓመት ያህል ቆይቶ እንደ መራራ ማር መወፈሩን ጽፏል። ማቆየት ማለት ሁልጊዜ ማሻሻል አይደለም ማለት ነው።

ጢስ ካልን አይቀር የእኛን ጋን እንዴት እንረሳዋለን? እናቶቻችን ጋኑን በግራዋ አጥበው በወይራ ያጥኑታል። የወይራው ጢስ መዓዛ ብቻ አይደለም፤ ያልተፈለገውን ተሐዋስ የሚያርቅ ጥበብ ነው። ያም ሆኖ ጠጅ የሚጠመቀው ለሠርጉ፣ ለማኅበሩ፣ ለበዓሉ እንጂ ለልጅ ልጅ አይደለም፤ ከቆየ ይኮመጥጣል፣ ይህንንም ጠማቂዋ ታውቀዋለች። የወይን ጠጅስ? የኤርትራ ባሕር ዙሪያ ጉዞ የሚባለው የመጀመሪያው ክፍለ ዘመን የግሪክ መጽሐፍ፣ ወደ አዱሊስ ወደብ ከሶርያዋ ሎዶቅያና ከኢጣልያ ጥቂት የወይን ጠጅ ይገባ እንደ ነበር ይመሰክራል። ወይኑ የመጣባቸው ማሰሮዎች ስብርባሪም በአዱሊስና በአክሱም ከመሬት ወጥቷል።

እኔን በእጅጉ የገረመኝ ግን የቤተ ክርስቲያን መላ ነው። ለቅዳሴ የሚሆነው ወይን ከዘቢብ ነው፤ ዘቢቡ በውኃ ተዘፍዝፎ ይጨመቃል። በ1520ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አገራችንን ያየው ፖርቱጋላዊው ቄስ አልቫሬዝም ይህን ጽፏል። ወይኑን ለማቆየት ከመታገል ይልቅ ፍሬውን አድርቆ ማቆየት! በረሓና ተራራ አቋርጦ የሚመጣ ዕቃ ከዘቢብ የተሻለ የለም፤ አይኮመጥጥም፣ አይሰበርም፣ አይፈስም።

ለምን እንደሚኮመጥጥ በውል ያስረዳው ሉዊ ፓስተር ነው። የፈረንሳይ ወይን በየመርከቡ እየተበላሸ ነጋዴው ሲያማርር፣ ንጉሠ ነገሥቱ ናፖሊዮን ሦስተኛ ምርምር እንዲያደርግ ጠየቀው፤ ውጤቱንም በ1866 በመጽሐፍ አሳተመ። አየር ሲገባ ጥቃቅን ሕያዋን አልኮሉን ወደ አቼቶነት ይለውጡታል። (አቼቶ የምንለው ቃል ከጣልያንኛ የመጣ ነው።) ሆኖም ያው አየር ጥቂት ጥቂት እያለ ሲደርሰው ወይኑን ያበስለዋል። የአያያዝ ጣጣው ሁሉ ከዚህች «ጥቂት» ላይ የተንጠለጠለ ነው። ጥንታውያኑም ይህን ሳይጠረጥሩ አልቀሩም፤ ጀርመን ውስጥ ሽፓየር አጠገብ በ1867 ከሮማውያን መቃብር የወጣው የአራተኛው ክፍለ ዘመን ጠርሙስ፣ በወይኑ ላይ የወይራ ዘይት ፈሶበት አፉ በሰም የተደፈነ ነበር። ፈሳሹ ዛሬም ውስጡ አለ። የሚቀምሰው ግን አልተገኘም።

ጠርሙስ እንደ ዛሬው የተጋደመው ብዙ ቆይቶ ነው። እንግሊዞች በአሥራ ሰባተኛው ክፍለ ዘመን በድንጋይ ከሰል እሳት ወፍራምና ጥቁር መስታወት መሥራት ቻሉ። የፊተኞቹ ጠርሙሶች ሆዳቸው የተነፋ ስለ ነበር ከማቆም በቀር ሌላ መላ አልነበራቸውም። በአሥራ ስምንተኛው ክፍለ ዘመን ጎናቸው እየቀጠነ ሲመጣ አጋድሞ መደርደር ተቻለ። የተጋደመ ጠርሙስ ቡሹን ያርሰዋል፤ የራሰ ቡሽ አይጨማደድም፣ አየርም አያስገባም። የአባቴን ጠርሙስ የገደለው ይህ ነው፤ ሃያ ሁለት ዓመት ቆሞ ቡሹ ደረቀ። ፀሐዩም፣ የቆርቆሮ ጣራው ሙቀትም አግዘዋል። ሰውየው «አጋድመው» ቢለው ኖሮ አባቴ ያጋድመው ነበር፤ አደራ የሚያጎድል ሰው አልነበረም።

ለእኔ የተላከው ፖርት ከሌላው ይጸናል። የዶውሮ ሸለቆ ጠማቂዎች መፍላቱ ሳያልቅ ብራንዲ ይጨምሩበታልና አልኮሉ ወደ 20 በመቶ ይደርሳል፤ እንግሊዞችም ልጅ ሲወለድ ፖርት የማስቀመጥ ልማድ ነበራቸው። ቢሆንም እርሱም ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ሙቀት፣ ጨለማ፣ ጸጥታና ጥቂት እርጥበት ይሻል። ሙቀት መለኪያ ገዝቼ ሁለት ሳምንት ቤቴን ዞርሁበት። ማድ ቤቱ ጠዋት 18፣ ቀን 27። አልጋ ሥር ይሻላል፤ ግን ጣራው ቆርቆሮ ነው፣ ቀትር ላይ 23 ይደርሳል። ማቀዝቀዣው ደረቅ ነው፣ ይንቀጠቀጣል፣ ደግሞም መብራት በጠፋ ቁጥር ይሞቃል። ከሁሉ የከፋው ይህ ከፍ ዝቅ ማለት ነው፤ ወይኑ ሲሞቅ ያብጣል፣ ሲበርድ ይሰበሰባል፣ በየጊዜውም በቡሹ በኩል ጥቂት አየር ይስባል።

በመጨረሻ መለኪያውን ይዤ ወደ እናቴ ቤት ሄድሁ። የጭቃ ግድግዳው ክንድ ያህል የሚወፍረው የኋላው ጓዳ፣ ባዶ ጋኖቿ የተደረደሩበት፣ ጠዋትም ቀትርም ማታም ከ15 እስከ 16 ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። ሰባት ቀን ለካሁት፤ አልነቃነቅም አለ።

ጠርሙሱን በጋዜጣ ጠቅልዬ ከጋኖቹ ኋላ አጋደምሁት። እንደ ግብጻውያኑ ጸሐፍት የልጄን ስምና የተወለደችበትን ዓመት በወረቀት ጽፌ አንገቱ ላይ አሰርሁ።

«ይህም ለሰላጣ ነው?» አለችኝ እናቴ።

«ለልጅ ልጅሽ ነው፣ እማዬ።»

ጎንበስ ብላ አየችው። «ታዲያ ለምን ተኛ? አባትህ እኮ ያን ሁሉ ዓመት ቀጥ አድርጎ ነበር ያቆመው።» መልስ አልሰጠኋትም። «በየቅዳሜው ልወልውለው?» ስትለኝ ግን እንዳትነካው ለመንኋት። አሮጌ ነጠላዋን አምጥታ ሸፈነችውና የጓዳውን በር ዘጋች።