ከማሳ እስከ እንስራ፦ የምዕራብ ጎንደር ወንዞችን የሚያደፈርሰው ምንድን ነው?

የመተማ፣ የቋራ እና የምዕራብ አርማጭሆ ቆላማ አካባቢዎች በሰሊጥ፣ በጥጥ፣ በማሽላ እና በአኩሪ አተር ምርታቸው ይታወቃሉ። የእጣን ዛፍ የሚበቅልባቸው ደኖች፣ ሰፊ የግጦሽ መሬት እና ከሱዳን ጋር የሚያገናኘው የንግድ መስመርም የአካባቢው መለያዎች ናቸው። የእነዚህ ሁሉ አሻራ በአንድ ቦታ ይገናኛል፤ እርሱም ወንዙ ነው። ከተራቆተ መሬት የተሸረሸረ አፈር፣ በማሳ ላይ የተረጨ ኬሚካል፣ በከተማ ጎዳና የተጣለ ቆሻሻ፣ ዝናብ ሲጥል ሁሉም ወደ ወንዝ ይወርዳል። ከወንዙ ደግሞ ሰውም ከብትም ይጠጣል።

ወንዞቹ ከየት ወዴት ይፈሳሉ?

ጓንግ ከጎንደር ደጋማ አካባቢዎች ተነስቶ መተማን አቋርጦ ወደ ሱዳን ይገባል፤ በዚያም አትባራ ይባላል። ከተከዜ ጋር ተቀላቅሎ በአትባራ ከተማ አጠገብ ከናይል ጋር ይገናኛል። ናይል ወደ ሜዲትራኒያን ባሕር ከመድረሱ በፊት የሚቀበለው የመጨረሻው ትልቅ ገባርም ይኸው ወንዝ ነው። ሽንፋ በሱዳን ምድር ራሃድ የሚለውን ስም ይዞ፣ በቋራ በኩል የሚወርደው ዲንደርም በዚሁ ስሙ ዘልቆ ከዓባይ ጋር ይቀላቀላሉ።

የአካባቢው ዝናብ በአብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ወራት የሚወርድ በመሆኑ የወንዞቹ መጠን ከወቅት ወቅት እጅግ ይለያያል። በክረምት በደራሽ ጎርፍ ይሞላሉ፤ በበጋ ግን ብዙዎቹ ተቆራርጠው ኩሬ ብቻ ይቀራቸዋል። እ.ኤ.አ በ1861 በአትባራ ዳርቻ ሰፍሮ የነበረው እንግሊዛዊው ተጓዥ ሳሙኤል ቤከር፣ ደርቆ የነበረው ወንዝ በሰኔ ወር በአንድ ሌሊት በጎርፍ መሞላቱን ጽፏል። ወንዙ በዐረብኛ «ባሕር ኤል አስወድ»፣ ማለትም ጥቁር ወንዝ፣ የሚል ስም ያገኘውም ከሚሸከመው ጥቁር አፈር የተነሳ ነው።

ዋልካ አፈርና የዝናቡ ጠባይ

የቆላው ሜዳማ መሬት በአብዛኛው ዋልካ አፈር ነው። ዋልካ በበጋ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ በክረምት ሲርስ ያብጣል። የመጀመሪያዎቹ ዝናቦች በስንጥቁ በኩል በፍጥነት ወደ ውስጥ ይሰርጋሉ። አፈሩ ጠግቦ ስንጥቁ ሲዘጋ ግን ውኃ የማስረግ አቅሙ እጅግ ስለሚቀንስ፣ ከዚያ በኋላ የሚዘንበው አብዛኛው ውኃ በመሬቱ ላይ ይፈሳል።

የዋልካ ቅንጣቶች እጅግ ደቃቅ ናቸው። በባልዲ የተቀዳ አሸዋ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ሲዘቅጥ፣ ዋልካ ግን ለሰዓታት፣ አንዳንዴም ለቀናት ተንሳፍፎ ይቆያል። በክረምት የተቀዳ የወንዝ ውኃ አድሮም የማይጠራው ለዚህ ነው።

መሬቱ ሲራቆት

ደንና ሳር ባለበት መሬት ላይ የሚወርድ ዝናብ ጉልበቱ በቅጠል ይሰበራል፤ ሥሩ አፈሩን ይይዛል፤ የረገፈው ቅጠልም ውኃው ቀስ ብሎ እንዲሰርግ ያደርጋል። ዛፉ ሲመነጠር፣ ሳሩ ሲቃጠል ወይም ግጦሹ ሲበዛ ይህ ሁሉ መከላከያ ይጠፋል። በምዕራብ ጎንደር ባለፉት አሥርት ዓመታት ብዙ የደን መሬት ወደ እርሻ ተለውጧል። ትልልቅ የሰሊጥና የጥጥ እርሻዎች ተስፋፍተዋል፤ ከ1995 ዓ.ም ጀምሮ በተካሄደው የሰፈራ ፕሮግራምም ከደጋው ብዙ አባወራዎች ወደ መተማና ቋራ መጥተዋል። የማገዶና የከሰል ፍላጎትም በደኑ ላይ ተጨማሪ ጫና ፈጥሯል።

የሰብሉ ዓይነትና የዘር ወቅቱም ድርሻ አላቸው። ሰሊጥ የሚዘራው በሰኔ መጨረሻና በሐምሌ መጀመሪያ ገደማ ሲሆን፣ ቡቃያው መሬቱን እስኪሸፍን ሳምንታት ይወስዳል። ስለዚህ ከባዱ ዝናብ ሲወርድ ማሳው ታርሶና ለስልሶ፣ ነገር ግን ገና ሳይሸፈን ያገኘዋል። በትራክተር የታረሰው ትልም ቁልቁለቱን ተከትሎ ከሆነ ደግሞ እያንዳንዱ ትልም ለጎርፉ መንገድ ይሆናል።

ጉዳቱ የሚያገኘው ውኃውን ብቻ አይደለም። ከአንድ ሄክታር ማሳ ላይ አንድ ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው አፈር ቢታጠብ 10 ሜትር ኩብ፣ በክብደት 12 ቶን ያህል ይሆናል። ይህን ያህል ስስ ንጣፍ መሄዱን በዓይን ማወቅ አይቻልም። ሆኖም የሚታጠበው የላይኛው፣ ከሁሉም ለም የሆነው አፈር ነው። ለአርሶ አደሩ የጠፋ ምርት የሆነው ይህ አፈር፣ ከታች ላለው ጠጪ ድፍርስ ውኃ ይሆንበታል።

የኬሚካል ጉዞ

የእርሻ ኬሚካሎች ወደ ወንዝ የሚደርሱት በተለያየ መንገድ ነው። በማሽላ ማሳ ላይ ለቅጠለ ሰፊ አረም የሚረጨው ቱ ፎር ዲ በውኃ ስለሚሟሟ፣ ከርጭት በኋላ ብዙ ሳይቆይ ዝናብ ከጣለ ከጎርፉ ጋር ይሄዳል። ግላይፎሴት በበኩሉ ከአፈር ቅንጣት ጋር አጥብቆ ስለሚያያዝ፣ የሚጓዘው አፈሩ ሲሸረሸር ነው። ለጥጥ ተባይ ያገለግል የነበረው ኢንዶሰልፋን ደግሞ በአፈርና በሕይወት ባላቸው ነገሮች ውስጥ ለረጅም ጊዜ የሚቆይ በመሆኑ፣ እ.ኤ.አ በ2011 በስቶክሆልም ስምምነት እንዲወገድ ተወስኗል። በኢትዮጵያ የፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674/2002 ያልተመዘገበ ፀረ ተባይ ለገበያ እንዳይቀርብ ይከለክላል።

ከርጭቱ ያላነሰ አደጋ የሚያስከትለው ከርጭቱ በኋላ የሚሆነው ነው። የመርጫ መሣሪያን በወንዝ ዳር ማጠብ፣ የተረፈውን ኬሚካል በቦይ ውስጥ መድፋትና ባዶ ጄሪካኑን ለመጠጥ ውኃ መቅጃ ማዋል፣ መርዙን ያለ ጎርፍም ወደ ሰው ያደርሳሉ።

የከተማ ጎርፍ

ገንዳ ውኃ፣ መተማ ዮሐንስ፣ ኮኪት እና ሌሎች ከተሞች ሲያድጉ የቆርቆሮ ጣሪያውና የጠጠር መንገዱ ይበዛል። እነዚህ ውኃ አያሰርጉም፤ ያወረደው ዝናብ ወዲያው ወደ ቦይ ይገባል። ከጥቅምት እስከ ግንቦት በጎዳና፣ በከብት ገበያ፣ በጋራዥና በቆሻሻ መጣያ የተከማቸውን ፋንድያ፣ የተቃጠለ ዘይት፣ ፌስታልና የምግብ ተረፈ ምርት ጠርጎ የሚወስደው የክረምቱ መግቢያ ዝናብ ነው። በመሆኑም በዓመቱ ውስጥ እጅግ የተበከለው የከተማ ጎርፍ የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ዝናቦች የሚያወርዱት ነው።

ዋልካ አፈር ለመጸዳጃ ቤትም አስቸጋሪ ነው። ሲያብጥና ሲሸሽ የጉድጓዱን ግድግዳ ይገፋል፤ በክረምት ውኃ ስለሚቋጥር ጉድጓዱ ሞልቶ ሊፈስ ይችላል። በእርሻ ካምፖች ያለው ችግር ከዚህ የባሰ ነው። ለአረምና ለአጨዳ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ የቀን ሠራተኞች ወደ ቆላው የሚወርዱት በክረምቱና በመኸሩ ነው። መጸዳጃ በሌለበት ካምፕ የሜዳ ላይ ሰገራ በቀጣዩ ዝናብ ወደ ጅረቱ ይወርዳል፤ ሠራተኛው የሚጠጣውም ከዚያው ጅረት ይሆናል።

የአየር ንብረት ለውጥ ምን ይጨምራል?

የአየር ሙቀት በ1 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጨምር አየሩ ሊይዘው የሚችለው ተን በ7 በመቶ ያህል ይጨምራል። በመሆኑም ዝናብ ሲጥል በአጭር ጊዜ ብዙ ውኃ የማውረድ ዕድሉ ከፍ ይላል። በ50 ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ሄክታር ላይ የሚያርፈው ውኃ 500 ሺህ ሊትር ነው። ይህ መጠን በሁለት ቀን ሲወርድና በአንድ ሰዓት ሲወርድ የሚያደርሰው የአፈር መሸርሸር ፈጽሞ አይተካከልም።

ሙቀቱ በበጋም የራሱ ተጽዕኖ አለው። በመተማ ቆላ በመጋቢትና በሚያዝያ የቀኑ ሙቀት ከ40 ዲግሪ በላይ ሊደርስ ይችላል። 20 ዲግሪ ሙቀት ያለው ንጹሕ ውኃ በሊትር 9 ሚሊ ግራም ያህል ኦክስጅን ሲይዝ፣ 30 ዲግሪ የደረሰ ውኃ ግን የሚይዘው 7 ነጥብ 5 ሚሊ ግራም ገደማ ብቻ ነው። ወንዙ ተቆራርጦ ኩሬ ሲሆን ሰውና ከብት በአንድ ቦታ ይጠቀማሉ፤ ፋንድያው ይከማቻል፤ ውኃው ሲተን ብክለቱ እየጠነከረ ይሄዳል። ስለዚህ ውኃው በክረምት በጎርፍ፣ በበጋ ደግሞ በማነስ ይበከላል።

የ2015 ዓ.ም ትምህርት

በሐምሌ 2015 ዓ.ም በቋራ ወረዳ በርሚል ጊዮርጊስ ጸበል ብዙ ምእመናን በተሰበሰቡበት ወቅት የኮሌራ ወረርሽኝ ተከስቶ፣ ወደየቀያቸው በተመለሱ ሰዎች አማካኝነት ወደ ሌሎች አካባቢዎችም ተዛምቷል። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም በተቀሰቀሰው የሱዳን ጦርነት ምክንያት በመተማ በኩል የገቡ ስደተኞች ይኖሩበት በነበረው የኩመር መጠለያም በሽታው ታይቷል። ክረምት፣ የሰው መብዛት፣ የመጸዳጃ እጥረትና ያልታከመ ውኃ በአንድ ጊዜ ሲገናኙ ምን እንደሚከተል ያሳየ ክስተት ነበር። የኮሌራ ተሐዋሲ የሚተላለፈው በሰገራ በተበከለ ውኃና ምግብ በመሆኑ፣ መከላከያውም ከሕክምና በፊት ከውኃው ይጀምራል።

ደለሉ የት ይደርሳል?

ከቆላው የሚታጠበው አፈር ድንበር ተሻጋሪ ነው። ሱዳን እ.ኤ.አ በ1964 በአትባራ ወንዝ ላይ የገነባችው የኻሽም ኤል ጊርባ ግድብ ሲጠናቀቅ 1 ነጥብ 3 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ ይይዝ ነበር። ከጓንግ፣ ከአንገረብና ከተከዜ በመጣው ደለል ግን ግማሽ ያህሉን አቅሙን አጥቷል። ደለሉን ለማስወገድ በጎርፍ ወቅት ግድቡ ተከፍቶ ሲጠረግ፣ ከታች ያሉ ዓሦች በድፍርሱ ብዛት ይሞታሉ።

በሌላ በኩል ደኑ የተረፈበት ቦታ ልዩነቱን ያሳያል። በ1998 ዓ.ም የተቋቋመውና 2 ሺህ 665 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው የአልጣሽ ብሔራዊ ፓርክ ከሱዳኑ ዲንደር ብሔራዊ ፓርክ ጋር ይዋሰናል። የፓርኩ ጥቅም ለዱር እንስሳት ብቻ አይደለም፤ የተሸፈነው መሬቱ ዝናቡን እያሰረገ ወደ ወንዝ የሚሄደውን ደለል ይቀንሳል።

ምን ማድረግ ይቻላል?

በማሳ ላይ፦ ቁልቁለቱን ሳይሆን አግድመቱን ማረስ ቀዳሚው እርምጃ ነው። በወንዝና በጅረት ዳር ሳርና ዛፍ ያለበት ያልታረሰ መሬት መተው ደለሉን ያስቀራል፤ ሰፋ ባለ ቁጥርም ይበልጥ ይሠራል። ውኃ በሚቋጥር ዋልካ ላይ ሰፊ መደብና ቦይ ማውጣት ሰብሉን ከመዋጥ ያድናል፤ ሆኖም የቦዩ መውጫ ሳር ወደ ለበሰ ቦታ ካልተመራ ቦረቦር ይፈጥራል። ዝናብ ባንዣበበበት ቀን አለመርጨት፣ የመርጫ መሣሪያውን ከወንዝ ርቆ ማጠብ፣ ባዶ ዕቃውን ሦስት ጊዜ አለቅልቆ እጣቢውን በዚያው ማሳ ላይ መርጨትና ዕቃውን በስቶ ከጥቅም ውጪ ማድረግ ያስፈልጋል። ከብቶች ወደ ወንዙ ሳይገቡ በገንዳ እንዲጠጡ ማድረግም የኩሬውን ውኃ ያተርፋል።

በከተማ፦ ቦዮች መጽዳት ያለባቸው ጎርፍ ከመጣ በኋላ ሳይሆን በግንቦት ነው። የመጸዳጃ ጉድጓድ ከውኃ ምንጭ ቢያንስ 30 ሜትር መራቅ፣ የታችኛው ወለሉም ከከርሰ ምድር ውኃ 1 ነጥብ 5 ሜትር ከፍ ማለት ይገባዋል። ውኃ በሚተኛበት ቦታ መጸዳጃውን ከመሬት ከፍ አድርጎ መሥራት ይመረጣል። የጣሪያ ውኃም ሀብት ነው፦ በ50 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ የ20 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1 ሺህ ሊትር፣ ማለትም አምስት በርሜል ይሞላል። አቧራና የወፍ ኩስ ያጠበው የመጀመሪያው ውኃ ግን መደፋት አለበት።

በቤት ውስጥ፦ ድፍርስ ውኃ ላይ ክሎሪን መጨመር ብቻውን በቂ አይደለም፤ ጭቃው ተሐዋሲውን ከክሎሪኑ ይከልለዋል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። በመጀመሪያ ውኃውን አስቀምጦ ማዝቀጥ፣ ቀጥሎ የላይኛውን በንጹሕ ጨርቅ ማጥለል፣ ከዚያም ማከም ነው። በሱዳን የናይል ዳርቻ እናቶች ድፍርስ ውኃን በተፈጨ የሽፈራው ዘር ማጥራትን ከጥንት ያውቁበታል፤ እንደ ቢሻን ጋሪ ያለው ዱቄትም በአንድ ጊዜ ያጠራል፣ ያክማልም። የጠራውን ውኃ እንደ ውኃ አጋር ባለ ክሎሪን በመያዣው ላይ በተጻፈው መጠን አክሞ ቢያንስ 30 ደቂቃ ማቆየት ወይም አፍልቶ ለአንድ ደቂቃ ማንፈቅፈቅ ተሐዋሲያንን ይገድላል። ማፍላት ግን የእርሻ ኬሚካልን አያስወግድም፤ ርጭት ከተካሄደበት ማሳ ሥር ያለ ውኃን ለመጠጥ አለመቅዳት ብቸኛው አስተማማኝ መንገድ ነው።

የጠራ ውኃ ሁሉ ንጹሕ እንዳልሆነም ማስታወስ ይገባል። በዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ መሠረት በ100 ሚሊ ሊትር የመጠጥ ውኃ ውስጥ የሰገራ ብክለትን የሚያመለክተው ኢ ኮላይ ባክቴሪያ ፈጽሞ መገኘት የለበትም፤ ይህን ደግሞ ዓይን አይለይም።

የክረምቱን ብርታት መቆጣጠር አይቻልም። ዝናቡ ሲመጣ መሬቱ የተሸፈነ፣ ቦዩ የተጠረገ፣ ጄሪካኑም የታከመ ውኃ የያዘ ሆኖ እንዲያገኘው ማድረግ ግን ከሰኔ በፊት የሚሠራ የአርሶ አደሩ፣ የከተማው ነዋሪና የአስተዳደሩ የጋራ ሥራ ነው።