ማኅበራዊ ክህሎት ከቤት ይጀምራል፦ የእድገት እክል ያለባቸው ልጆችና የወላጆቻቸው ድርሻ

ማኅበራዊ ክህሎት ሲባል አንድ ልጅ ሰላምታ ለመለዋወጥ፣ ተራውን ለመጠበቅ፣ ፍላጎቱን ለመግለጽና የሌላውን ስሜት ለመረዳት የሚያስችለው ችሎታ ሲሆን፣ አብዛኞቹ ልጆች አዋቂዎችን እያዩ በራሳቸው ይቀስሙታል። ኦቲዝም ወይም ሌላ የእድገት እክል ያለባቸው ልጆች ግን ይህንኑ በትንንሽ ደረጃዎች ተከፋፍሎና በድግግሞሽ ታግዞ ሊማሩት ይገባል፤ ይህን ያህል ልምምድ ደግሞ ልጁን በሳምንት ጥቂት ሰዓት የሚያገኝ ባለሙያ ብቻውን ሊያሟላው አይችልም።

የዓለም ጤና ድርጅት የተንከባካቢዎች ክህሎት ሥልጠናም የተመሠረተው በዚሁ እውነታ ላይ ነው። ከ2 እስከ 9 ዓመት የሆናቸውን ልጆች ለሚያሳድጉ ቤተሰቦች የተሰናዳው ይህ ሥልጠና 9 የቡድን ትምህርቶችንና 3 የቤት ለቤት ጉብኝቶችን የያዘ ሲሆን፣ በቂ ዝግጅት ያገኙ ስፔሻሊስት ያልሆኑ ሠራተኞችም እንዲመሩት ታስቦ በመቀረጹ፣ የዘርፉ ባለሙያዎች እጅግ ጥቂት ለሆኑባትና ሥልጠናው በሙከራ ለተተገበረባት ኢትዮጵያ የተለየ ፋይዳ አለው።

የሥልጠናው ማዕከላዊ ሐሳብ የጋራ ተሳትፎ፣ ማለትም ወላጅና ልጅ በአንድ ነገር ላይ አብረው ማተኮራቸው ነው። ለዚህም ከምግብ በፊት እጅ መታጠብ በቂ መድረክ ይሆናል። እናት በልጇ ዓይን ትይዩ ዝቅ ብላ ማንቆርቆሪያውን ታነሣና ከማፍሰሷ በፊት ጥቂት ትጠብቃለች፤ ልጁ ቀና ብሎ ሲያያት ወይም እጁን ሲዘረጋ «ውሃ» ብላ ቃሉን እየሰጠችው ታፈስለታለች፤ ቀጥሎም እርሱ በተራው ለእህቱ እንዲያፈስ ታግዘዋለች። መጠየቅ፣ መጠበቅና ተራ መስጠት በዚህች አጭር ድርጊት ውስጥ ይገኛሉ፤ ድርጊቱም በየማዕዱ ስለሚደገም ልምምዱ ተጨማሪ ጊዜም ሆነ ወጪ አይጠይቅም።

ይሁንና እክሉን ከእርግማን ወይም ከክፉ መንፈስ ጋር የሚያያይዘው አመለካከት አንዳንድ ቤተሰቦችን ልጃቸውን እንዲደብቁ ያስገድዳቸዋል። እንግዳ በመጣ ቁጥር ወደ ጓዳ የሚገባ ልጅ ሰላምታን የሚለማመድበት ሰው ያጣል። በአንጻሩ ወይዘሮ ዘሚ የኑስ በ2002 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ሲመሠርቱ የተነሡት ኦቲዝም ያለበትን ልጃቸውን ካሳደጉበት የእናትነት ልምዳቸው ነበር፤ ይህም ወላጅ በጉዳዩ ላይ ያለውን አቅም ያሳያል። የወላጅ ጥረት ፍሬ እንዲያፈራ ግን ጎረቤትና ዘመድም፣ ቡና ላይ ሲሰበሰቡ፣ ለልጁ በስሙ ሰላምታ ሰጥተው ምላሹን በትዕግሥት ሊጠብቁት ይገባል።